የማላሃይድ ድልድይ ምሶሶዎች

በአየርላንድ፣ ከደብሊን በስተሰሜን፣ የብሮድሜዶው ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት ሥፍራ የሚገኘው የማላሃይድ የባቡር ድልድይ በ1844 እ.ኤ.አ. ሲከፈት ከእንጨት የተሠራ ነበር። በ1860 በግንብ ምሶሶዎች ላይ ብረት ተዘረጋበት፤ በ1960ዎቹ ደግሞ ብረቱ በኮንክሪት ተለወጠ። ምሶሶዎቹ ግን የብረቱ ዘመን ምሶሶዎች ሆነው ቀሩ። የቆሙትም በዓለት ላይ ሳይሆን በድንጋይ ክምር ላይ ነበር። የባሕሩ ሙላትና ጉድለት በተፈራረቀ ቁጥር ውሃው ከክምሩ ስለሚሸረሽር፣ የቀድሞዎቹ የጥገና ሠራተኞች በየጊዜው ድንጋይ ይደፉበት ነበር። ሥራው እጅግ ተራ ነው፤ ድልድዩን ያቆመው ግን እርሱ ነው። ነባሮቹ ሠራተኞች ሲሰናበቱ ዕውቀቱም አብሯቸው ሄደ። በ2009 እ.ኤ.አ. ኦገስት 18 ቀን የተደረገው ፍተሻ አደጋውን አላመለከተም። በሦስተኛው ቀን፣ በኦገስት 21 ምሽት፣ አንዱ ምሶሶ ተናደ። በላዩ ሲያልፍ የነበረው ባቡር ነጂ ሁኔታውን ተመልክቶ ወዲያውኑ ስላስታወቀ፣ ሌላ ባቡር ሳይደርስ መስመሩ ተዘጋ፤ የሰው ሕይወትም አልጠፋም።