መንታ መውጫ ሐይቅ

በአሜሪካ የሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ ክሬግ ፓስ የሚባል የተራራ በር አለ። ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው በዚህ በር ላይ አይሳ የተባለች ሐይቅ ተኝታለች። ስፋቷን ላየ ሰው ኩሬ ብትባል ይቀላል። በበጋ ወራት ቢጫ የውሃ አበባ ይሸፍናታል፤ የመኪናው መንገድም በድልድይ ያቋርጣታል። በ1891 እ.ኤ.አ. ለፓርኩ የመንገድ መስመር ሲፈልግ ያገኛት የአሜሪካ ጦር መሐንዲስ ሃይረም ቺተንደን ነበር።

አይሳን ስመ ጥር ያደረጋት አፈሳሰሷ ነው። በረዶው ቀልጦ ስትሞላ በሁለቱም ጫፎቿ ትፈስሳለች። ከአንዱ ጫፍ የወጣው ውሃ በሉዊስ፣ በስኔክና በኮሎምቢያ ወንዞች አድርጎ ሰላማዊ ውቅያኖስ ይገባል። ከሌላው የወጣው በፋየርሆል፣ በማዲሰን፣ በሚዙሪና በሚሲሲፒ አልፎ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ፣ ማለትም አትላንቲክ ይደርሳል። የበለጠ የሚያስገርመው አቅጣጫው ነው፦ በስተ ምዕራብ ወዳለው ሰላማዊ ውቅያኖስ የሚጓዘው ውሃ የሚወጣው ከምሥራቁ ጫፍ ሲሆን፣ ወደ አትላንቲክ የሚጓዘው ደግሞ ከምዕራቡ ነው። የአህጉሩ የውሃ መለያ መስመር እዚያ ቦታ ላይ ስለሚጠማዘዝ ነው እንዲህ የሆነው።

የጂኦግራፊ ባለሙያዎች ይህን ዓይነቱን ሐይቅ «ባይፈርኬሽን ሌክ» ይሉታል። በአማርኛ «መንታ መውጫ ሐይቅ» ቢባል ያስኬዳል፤ መንታ መንገድ የሚል አንባቢ ሐሳቡን ወዲያው ይይዘዋል። ትርጉሙ ግን ሁለት መውጫ ከመኖሩ ይሻገራል፦ መውጫዎቹ የተፈጥሮ መሆን፣ ውሃቸውም ወደተለያየ ተፋሰስ መሄድ አለበት።

ጣና ለዚህ ጥሩ መፈተኛ ነው። የተፈጥሮ መውጫው ዓባይ ብቻ ነው። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ከሐይቁ ውሃ ጠልፎ በዋሻ ወደ በለስ ወንዝ ያወርዳል፤ ስለዚህ ሁለተኛ መውጫ አለ። ነገር ግን እሱ ሰው ሠራሽ ነው፤ በለስም ዞሮ ዓባይን ይቀላቀላል። ጣና መስፈርቱን አያሟላም።

እንዲህ ያሉ ሐይቆች ብርቅ የሆኑት ውሃ መውጫውን እየቦረቦረ ስለሚሄድ ነው። ከሁለቱ አንዱ ጥቂት ፈጠን ብሎ ከጠለቀ የሐይቁ ውሃ ዝቅ ይላል፤ ሌላኛው ከውሃው በላይ ቀርቶ ይደርቃል። ሁለቱም እንዲዘልቁ ወይ ፍሰቱ ደካማ ወይ ዐለቱ ጠንካራ መሆን አለበት።

ትንሽ መሆን ግን ግዴታ አይደለም። በካናዳ ሳስካችዋን የሚገኘው ዎላስተን ሐይቅ ከ2,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት አለው፤ ለምሳሌነትም ከአይሳ የማያንስ ሐይቅ ነው። የፎንድ ዱ ላክ ወንዝ ከእሱ ተነሥቶ ወደ አታባስካ ሐይቅ ይሄዳል፤ ውሃው በመጨረሻ በማኬንዚ ወንዝ በኩል አርክቲክ ውቅያኖስ ይገባል። በሌላ በኩል የሚወጣው ኮክረን ወንዝ በሬንዲር ሐይቅና በቸርችል ወንዝ አድርጎ ሃድሰን ባሕረ ሰላጤ ላይ ያበቃል።