የደጋ ማስረጃ በቆላ፦ የመተማ ነፍሰ ጡሮች ታሪክ

በታሪክ መጻሕፍት መተማ የሚነሳው አፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ የወደቁበት ቦታ ስለሆነ ነው፤ ከተማዋም በስማቸው ተጠርታለች። ዓመት በመጣ ቁጥር በዚህ ቆላ ሰው ሲፈጅ የኖረው ግን ንዳድ፣ ማለትም ወባ ነው። ደገኛው ለንግድ ቢወርድም ቆላ ማደሩን አጥብቆ ይፈራ ነበር። ፍርሃቱን ኋላቀርነት ማለት ይቀናናል። ሆኖም ስለ ትንኝ ማንም ሳያስተምረው፣ ማን ወርዶ ማን እንደተመለሰ እያየ የደረሰበት ድምዳሜ ስለነበር በማስረጃ የቆመ ፍርሃት ነው። በእርግዝናና በወሊድም ነገሩ ከዚህ አይርቅም። የቆላዋ ሴት ማመዛዘን አላነሳትም፤ የጎዳት የምታመዛዝንበት ማስረጃ ሌላ አየር ንብረት ውስጥ የተሰበሰበ መሆኑ ነው።

ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ ብዙ የቀን ሠራተኛ ወደ መተማና ቋራ አወረዱ። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የተካሄደው የመንግሥት ሰፈራ ደግሞ ከደጋው ሙሉ ቤተሰብ አመጣ። በአማራው ደጋ የበኩር ልጇን የምትወልድ ሴት እናቷ ቤት ሄዳ መውለዷ የቆየ ልማድ ነው። በዚያ ቤት የሚቀበሏት እናቷና አክስቶቿ እነሱ ራሳቸው እንዴት እንደወለዱ፣ ማን ደም እንደፈሰሳት፣ የማን እንግዴ ልጅ እንደዘገየ ያስታውሳሉ። ያልተጻፈ የሕክምና መዝገብ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሰፋሪዋ ይህን መዝገብ ትታ ወረደች። ይዛው የወረደችው ደግሞ ቆላ ላይ ሊያሳስታት የሚችል ዕውቀት ነበር። በደጋ ትኩሳትና ራስ ምታት ሲመጣ ምች ነው ይባላል፤ ዳማከሴ ታሽቶ ይሸተታል፣ ይጠጣል፤ ብዙውን ጊዜም በሽተኛው ይድናል። በመተማ ያው ትኩሳት ወባ ሊሆን ይችላል፤ ለነፍሰ ጡር አንድ ቀን ማሳለፍም ዋጋ ያስከፍላል።

ለምን እንደሆነ ሳይንሱ ራሱ ዘግይቶ ነው የተረዳው። ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተሕዋስ የተሸከሙት የደም ሕዋሳት እንግዴ ልጅ ላይ ተጣብቀው ይከማቻሉ። ስለዚህ ከጣት የተወሰደ ደም ንጹሕ መስሎ ሳለ ፅንሱ ምግብና አየር ሊያንሰው ይችላል። ወባ ዓመቱን ሙሉ በሚበዛባቸው የአፍሪካ አገሮች በእርግዝና ወባ ይበልጥ የሚጎዳው የበኩር ልጇን ያረገዘችውን ነው፤ ተከታዮቹ እርግዝናዎች የመከላከል አቅም ይዘው ይመጣሉ። ወባ ሳይለምዳት ላደገች ደገኛ ግን አራተኛውም እርግዝና እንደ መጀመሪያው ነው። «ሦስቱን በሰላም ወልጃለሁ» የሚለው ክርክር ደጋ ላይ ሚዛን የሚደፋ ማስረጃ ነበር፤ እዚህ ስለ ወባ ምንም አይናገርም። ይህ ስሕተት የእሷ ብቻም አይደለም። በብዙ የአፍሪካ አገሮች ለነፍሰ ጡር በየጊዜው የሚሰጠው የወባ መከላከያ ኪኒን በኢትዮጵያ አይሰጥም፤ የአገሪቱ ስርጭት በአማካይ ዝቅ ያለ ነው ተብሎ አጎበርና ምርመራ ተመርጠዋል። ለአዲስ አበባ የሚስማማው አማካይ ለመተማም ተወሰነ ማለት ነው።

ችግሩ ልማድ ብቻ ነው የሚሉ ወገኖች ቁጥር አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በኢትዮጵያ ከመቶ ወላዶች 95ቱ ገደማ ቤታቸው ነበር የወለዱት። እ.ኤ.አ. በ2011ዱ ጥናት ደግሞ ቤት ከወለዱት ከአሥሩ ስድስቱ ጤና ተቋም መሄድ «አያስፈልግም» ብለዋል። ይህን መልስ እንደ ድንቁርና ማንበብ ይቻላል። እኔ ግን ስለ ተቋማቱ፣ ስለ ርቀታቸውና ስለ አቀባበላቸው፣ የተሰጠ ፍርድም ይመስለኛል። የጎንደር የጤና ኮሌጅ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው፤ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በአቅራቢያው በደምቢያ የተነሳው ወባ 7,000 ያህል ሰው ጨርሶ ነበር። ከመተማ ጎንደር ግን 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛና በጭነት መኪና የምታልፈው ርቀት ነው። ከዚያም ስትደርስ በጀርባሽ ተኚ፣ እናትሽ ውጭ ትጠብቅ ትባላለች። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ ምጥ ላይ ያለች ሴት የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆን፣ የሚመቻትንም አቀማመጥ እንድትመርጥ መክሯል። ተንበርክካ፣ የምታምነውን ሰው ተደግፋ የምትወልደው የገጠር ሴት በዚህ ነጥብ ከማዋለጃ ክፍሉ ሕግ ቀድማ ነበር። እንገርን አፍስሶ ለጨቅላው ቅቤ ማላስ ግን ምንም የሚከላከልለት ማስረጃ የለም፤ ልማድን ማክበር ይህን መሸፈን የለበትም።

ድርስ እርጉዞች ምጣቸው ሳይመጣ ተቋሙ አጠገብ የሚቆዩበት የእናቶች ማቆያ የርቀቱን ችግር ለመፍታት የታሰበ ነው። በጉራጌ የሚገኘው የአጣጥ ሆስፒታል የ22 ዓመት መዝገብ ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል፦ በማቆያው አልፈው ከወለዱት ከ100,000 የሞቱት 90 ገደማ ሲሆኑ፣ በቀጥታ ከመጡት 1,333 ነበሩ። ልዩነቱ ግን የማቆያው ሥራ ብቻ አይደለም፤ በቀጥታ ከመጡት ብዙዎቹ ምጡ ከተበላሸ በኋላ የደረሱ ናቸው። ይህን ጥንቃቄ ለገበሬ ሴት መንገር ያወዛግባታል፣ ሂጂ ብሎ ማዘዝ ይበቃል የሚል አለ። ሰሊጥ ፍሬው ፈንድቶ ሳይረግፍ የሚታጨድበትን ቀን የምትወስን ሴት ግን ያልተሟላ መረጃን ማመዛዘን የዕለት ሥራዋ ነው። የሚከብዳት ሌላ ነው። ወባው የሚበረታው ከመስከረም ጀምሮ ነው፤ አጨዳውም ያኔ ነው። የጥቅምት ወላድ ማቆያ ልግባ ስትል የቤቱን ዓመታዊ ገቢ ትታ፣ ልጆቿን ለጎረቤት ሰጥታ፣ ምናልባትም ለሳምንታት መቀመጥ አለባት። ይህን ሒሳብ ከእሷ ጋር ቁጭ ብሎ የሚሠራ የጤና ባለሙያ፣ ማቆያው ውስጥ አጎበርና የደም ምርመራ መኖሩን፣ ሦስት ልጆቿን ይዛ መግባት መቻሏንም አብሮ መመለስ ይኖርበታል።