ያገለገለ ባለሁለት ፕሮሰሰር ወርክስቴሽን

ባለሁለት ፕሮሰሰር ወርክስቴሽን ማለት በአንድ ማዘርቦርድ ላይ ሁለት ራሳቸውን የቻሉ ፕሮሰሰሮች የሚገጠሙበት፣ ለከባድ ስሌት፣ ለምህንድስና ንድፍ፣ ለቪዲዮ ቅንብርና ለመሳሰሉት ሥራዎች የተሠራ ኮምፒዩተር ነው። ድርጅቶች ለጥቂት ዓመታት ተጠቅመውበት በአዲስ ሲተኩት፣ መጀመሪያ ከተሸጠበት ዋጋ እጅግ ባነሰ ገንዘብ እንደገና ለገበያ ይቀርባል። ስለዚህ ብዙ ኮርና ብዙ ራም የሚያስፈልጋቸው፣ ነገር ግን አዲስ ለመግዛት አቅም የሌላቸው ተማሪዎች፣ ተመራማሪዎችና አነስተኛ ድርጅቶች ይመርጡታል።

ሆኖም የመሸጫ ዋጋው ዝቅተኛ መሆኑ ብቻ ግዢውን ርካሽ አያደርገውም። የጎደለ መለዋወጫ፣ የኤሌክትሪክ ፍጆታና ከሥራው ጋር የማይስማማ ምርጫ ተረፈ የተባለውን ገንዘብ መልሰው ሊወስዱት ይችላሉ። ይህ መጣጥፍ አመራረጡንና አተካከሉን፣ በተለይ ከዋናው የኮምፒዩተር ገበያ ርቀው ከሚገኙት ከወልድያ፣ ከመርሳና ከሀብሩ ወረዳ ሁኔታ ጋር አያይዞ ያብራራል።

ከ«ዱዋል ኮር» ጋር ያለው ልዩነት

በገበያ ላይ «ዱዋል ኮር» የሚባለው ኮምፒዩተር አንድ ፕሮሰሰር ብቻ ያለው ሲሆን በዚያ ፕሮሰሰር ውስጥ ሁለት ኮሮች ይገኛሉ። ባለሁለት ፕሮሰሰር ማሽን ግን ሁለት ሶኬቶች አሉት። በእያንዳንዱ ሶኬት ላይ የሚቀመጠው ፕሮሰሰር የራሱ ብዙ ኮሮች፣ የራሱ ማቀዝቀዣና የራሱ የራም ማስገቢያዎች አሉት። ለምሳሌ ኢንቴል ዚዮን ኢ5-2670 የተባለው ፕሮሰሰር 8 ኮርና 16 ትሬድ አለው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲገጠሙ 16 ኮርና 32 ትሬድ ይሆናሉ።

ሁለቱ ፕሮሰሰሮች ፈጣን በሆነ መስመር ይገናኛሉ። አንዱ ፕሮሰሰር ከራሱ ራም መረጃ ሲያነብ ይፈጥናል፤ ከሌላው ፕሮሰሰር ጋር ከተያያዘው ራም ሲያነብ ግን ይዘገያል። ይህ አሠራር ኑማ ይባላል።

የሁለተኛው ፕሮሰሰር ጥቅምና ገደብ

ሁለተኛ ፕሮሰሰር መጨመር የማሽኑን ፍጥነት ሁልጊዜ እጥፍ አያደርገውም። ምክንያቱን ጂን አምዳል የተባለው የኮምፒዩተር ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1967 ያስረዳ ሲሆን ሐሳቡ የአምዳል ሕግ በመባል ይታወቃል። በሕጉ መሠረት የአንድ ሥራ ከፊሉ ለብዙ ኮሮች ሊከፋፈል የማይችል ከሆነ፣ ያ ክፍል የጠቅላላውን ፍጥነት ይገድበዋል።

ለምሳሌ በአንድ ኮር 60 ደቂቃ የሚፈጅና 80 በመቶው ሊከፋፈል የሚችል ሥራ እንውሰድ። ቀሪው 20 በመቶ፣ ማለትም 12 ደቂቃው፣ በምንም መንገድ አይከፋፈልም። በ8 ኮር 48ቱ ደቂቃ ወደ 6 ስለሚወርድ ሥራው በ18 ደቂቃ ያልቃል። በ16 ኮር ደግሞ ወደ 3 ስለሚወርድ በ15 ደቂቃ ያልቃል። የሁለተኛው ፕሮሰሰር ትርፍ 3 ደቂቃ ብቻ ነው ማለት ነው።

በዚህ ምክንያት ማሽኑ የሚጠቅመው ሥራው በደንብ ሲከፋፈል ነው። የሦስት ገጽታ ሥዕል ማውጣት፣ ብዙ ቨርቹዋል ማሽኖችን በአንድ ጊዜ ማሠራት፣ ትልልቅ ፕሮግራሞችን ኮምፓይል ማድረግ፣ እንዲሁም አንድን የስታቲስቲክስ ስሌት በብዙ ናሙናዎች ላይ ደጋግሞ ማስኬድ ጥሩ ምሳሌዎች ናቸው። ለጽሕፈት፣ ለኢንተርኔት፣ ለሒሳብ መዝገብና ለአብዛኛው የኮምፒዩተር ጨዋታ ግን ጥቂት ፈጣን ኮሮች ያሉት ባለአንድ ፕሮሰሰር ማሽን ይሻላል።

ትውልዶችና የመለያ ቁጥሮች

በገበያ ላይ በብዛት የሚገኙት የኤችፒ፣ የዴልና የሌኖቮ ምርቶች ናቸው። ከኤችፒ ዜድ800፣ ዜድ820ና ዜድ840፤ ከዴል ፕሪሲዥን ቲ7500፣ ቲ7600ና ቲ7810፤ ከሌኖቮ ደግሞ ቲንክስቴሽን ዲ30 ይጠቀሳሉ። ዕድሜያቸውን ለመለየት ከውጭ ስማቸው ይልቅ የፕሮሰሰሩን ቁጥር ማንበብ ይጠቅማል፦

• ዚዮን 5500ና 5600፦ ከእ.ኤ.አ. 2009 ጀምሮ የወጡ ሲሆን ዲዲአር3 ራም ይጠቀማሉ። ኤቪኤክስ የተባለው የትእዛዝ ስብስብ የላቸውም። ስለዚህ ቴንሰርፍሎውን የመሳሰሉ የማሽን ትምህርት ፕሮግራሞች በተለመደው መንገድ ሲጫኑ አይሠሩባቸውም።
• ኢ5-2600፦ በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ እስከ 8 ኮር፣ ዲዲአር3።
• ኢ5-2600 ቪ2፦ በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ እስከ 12 ኮር፣ ዲዲአር3።
• ኢ5-2600 ቪ3፦ በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ እስከ 18 ኮር፣ ዲዲአር4።
• ኢ5-2600 ቪ4፦ በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ እስከ 22 ኮር፣ ዲዲአር4።

በኢ5 ቤተሰብ ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው የመጀመሪያ አኃዝ ቁልፍ መረጃ ይዟል። 1 ከሆነ ፕሮሰሰሩ ብቻውን ብቻ ይሠራል፤ 2 ከሆነ እስከ ሁለት፣ 4 ከሆነ እስከ አራት ሆኖ ሊገጠም ይችላል። ስለዚህ ኢ5-1650 የተገጠመበትን ባለሁለት ሶኬት ማሽን «ሌላ አንድ ይጨመርበታል» ብሎ መግዛት ስሕተት ነው። ሁለት ፕሮሰሰር ለመጠቀም ነባሩም ጭምር መቀየር አለበት።

የቪ2 ፕሮሰሰር ወደ ቪ3 ማዘርቦርድ፣ የቪ3ም ወደ ቪ2 ማዘርቦርድ አይገባም። በዜድ820 ደግሞ የማዘርቦርዱ ዕድሜ ይወስናል፦ በባዮስ ውስጥ የቡት ብሎክ ቀኑ 2011 እ.ኤ.አ. የሚል ከሆነ ቪ2 አይቀበልም፤ 2013 የሚል ከሆነ ይቀበላል።

በወልድያና በሀብሩ ያለው ሁኔታ

ወልድያ የሰሜን ወሎ ዞን ዋና ከተማ ስትሆን መርሳ የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ሁለቱም ከአዲስ አበባ በደሴ አድርጎ ወደ መቀሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ይገኛሉ። ከአዲስ አበባ እስከ ወልድያ ያለው ርቀት ወደ 520 ኪሎ ሜትር ነው። የወርክስቴሽን መለዋወጫ የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ወደ አዲስ አበባ ገበያ ስለሚሄድ ወይም ስለሚያስመጣ፣ አንድ የጎደለ ማቀዝቀዣ ማሽኑን ለሳምንታት ሥራ ፈት ሊያደርገው ይችላል።

በአካባቢው ለእንዲህ ያለ ማሽን የሚመጥን ሥራ አለ። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም ማስተማር የጀመረ ሲሆን ከሚሰጣቸው ትምህርቶች መካከል የኮምፒዩተር ትምህርት ይገኝበታል። በሀብሩ ወረዳ የሚገኘው የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል የሚሠራበት የሰብል ምርምር ዘርፍም ብዙ የስታቲስቲክስ ስሌት የሚጠይቅ ነው።

በሌላ በኩል አካባቢው በሰሜኑ ጦርነት ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም ከባድ ጉዳት ደርሶበታል። ዩኒቨርሲቲውን ጨምሮ የብዙ ተቋማት ንብረት ተዘርፏል፣ ወድሟልም። በጦርነቱ ጊዜ መብራትና ስልክ ተቋርጠው ነበር። ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ቆይቷል። ስለዚህ በዚህ አካባቢ ማሽን ሲመረጥ መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚሆንና ያለ ኢንተርኔት እንዴት እንደሚዘጋጅ አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል።

ከክፍያ በፊት የሚደረግ ፍተሻ

ሻጩ ማሽኑን አብርቶ ካላሳየ፣ ወይም ጎኑ ተከፍቶ እንዲታይ ካልፈቀደ፣ ግዢውን መተው ይመረጣል። ገዢው ራሱ ርቆ ከሆነ በቦታው ያለ የሚያምነው ሰው የሚከተሉትን ሊያይለት ይችላል፦

1. ሁለቱም ፕሮሰሰሮች መኖራቸውና ሁለቱም ማቀዝቀዣቸው የተሟላ መሆኑ። አንዳንድ ማሽኖች በአንድ ፕሮሰሰር ብቻ ይሸጣሉ። ኤችፒ ዜድ620ን በመሳሰሉት ሁለተኛው ፕሮሰሰር የሚቀመጠው በተለየ ቦርድ ላይ ስለሆነ፣ ቦርዱ ከሌለ ፕሮሰሰሩን ብቻ መግዛት አይጠቅምም።
2. የሶኬቱ ቀጫጭን እግሮች አለመታጠፋቸው። ባዶ ሶኬት ያለ ክዳን ከተቀመጠ በቀላሉ ይበላሻል።
3. ፓወር ሰፕላዩ የራሱ መሆኑ። የኤችፒና የዴል ወርክስቴሽኖች ፓወር ሰፕላይ ቅርጹና ማገናኛው የተለየ በመሆኑ ተራው የዴስክቶፕ ፓወር ሰፕላይ አይተካውም። በላዩ ያለው ጽሑፍ ከ100 እስከ 240 ቮልት እንደሚቀበል ማሳየት አለበት፤ የኢትዮጵያ መብራት 220 ቮልት ነው።
4. ባዮስ በይለፍ ቃል አለመቆለፉ። ከድርጅት የወጡ ማሽኖች አንዳንድ ጊዜ ተቆልፈው ይቀራሉ።
5. ባዮስ የሚያሳየው የፕሮሰሰርና የራም መጠን ሻጩ ካለው ጋር መስማማቱ።
6. የግራፊክስ ካርድ መኖሩ። የኢ5 ፕሮሰሰሮች የራሳቸው ግራፊክስ ስለሌላቸው ያለ ካርድ ስክሪን ላይ ምንም አይታይም።
7. ሃርድ ዲስኩ የሠራበት ሰዓትና የተበላሹ ክፍሎቹ ብዛት። ይህን የዲስኩን ጤንነት የሚያነብ ፕሮግራም ያሳያል።

የማሽኑ መለያ ቁጥርና የተሟሉለት ዕቃዎች ዝርዝር በውል ወረቀት ወይም በደረሰኝ ላይ መጻፉ በኋላ ለሚነሳ ክርክር መፍትሔ ይሆናል።

ማጓጓዝና መትከል

እነዚህ ማሽኖች ብዙውን ጊዜ ወደ 20 ኪሎ ግራምና ከዚያ በላይ ይመዝናሉ። ከባዱ የግራፊክስ ካርድ በመንገድ መናወጥ ማስገቢያውን ሊሰብር ስለሚችል ከመጓዙ በፊት ተነቅሎ ለብቻው ይጠቀለላል። በአውቶቡስ ሲላክ ከላይ በፖርቶመጋላ ከመጫን ይልቅ ከውስጥ፣ ለስላሳ ነገር ተደርጎበት ቢቀመጥ ይሻላል።

ሲደርስ ከመብራት ጋር ከመገናኘቱ በፊት ይከፈታል፤ የተነቃነቀ ገመድና ራም ይታያል፤ አቧራው በብሎወር ይጸዳል። ማራገቢያዎቹ በአየር ግፊት ከመጠን በላይ እንዳይሽከረከሩ በእጅ ይያዛሉ። ማቀዝቀዣው ከተነቀለ የደረቀው ቴርማል ፔስት ተጠርጎ በአዲስ ይተካል። ሰዓትና ቀን እየጠፋበት ከተቸገረ ሲአር2032 የምትባለውን ክብ ባትሪ መቀየር በቂ ነው።

ራም ለሁለቱ ፕሮሰሰሮች እኩል ይከፋፈላል። እያንዳንዱ የኢ5-2600 ፕሮሰሰር አራት የራም መስመር ስላለው፣ 32 ጊጋባይት ለማሟላት ባለ16 ጊጋባይት ሁለት ራም ከማስገባት ባለ4 ጊጋባይት ስምንት ራም ማስገባት የተሻለ ፍጥነት ይሰጣል። የትኛው ማስገቢያ ቀድሞ እንደሚሞላ ብዙውን ጊዜ በጎኑ ክዳን ውስጥ በተለጠፈው ሥዕል ላይ ይገኛል። ለሰርቨር የሚሠራው ሬጂስተርድ ራም ከተራው ራም ጋር ተቀላቅሎ አይሠራም። ሁለተኛው ፕሮሰሰር ሲነቀልም ከእሱ ጋር የተያያዙት የራም ማስገቢያዎችና አንዳንድ የካርድ ማስገቢያዎች ሥራ ያቆማሉ።

ስርዓተ ክወና

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ የኢ5 ፕሮሰሰሮችን በይፋ አይደግፍም። በተጨማሪም የዊንዶውስ ሆም እትም አንድ ፕሮሰሰር ብቻ ስለሚጠቀም ሁለተኛው ያለ ሥራ ይቀመጣል፤ ሁለቱን ለማሠራት ቢያንስ ፕሮ የተባለው እትም ያስፈልጋል።

እንደ ኡቡንቱና ዴቢያን ያሉ የሊኑክስ ዓይነቶች ሁለቱንም ፕሮሰሰሮች ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይጠቀማሉ። ከተጫነ በኋላ «ኤልኤስሲፒዩ» ተብሎ የሚነበበው ትእዛዝ የሶኬቱን ቁጥር 2 ብሎ ማሳየት አለበት። ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ቦታ የመጫኛ ፋይሉን፣ የግራፊክስ ካርድ ድራይቨሩንና የሚያስፈልጉትን ፕሮግራሞች አስቀድሞ በፍላሽ መያዝ ይጠቅማል።

ማሽኑን ለሥራ ከማዋል በፊት ሜምቴስት በተባለው ፕሮግራም ራሙን ሌሊቱን ሙሉ መፈተሽ፣ ቀጥሎም ሁሉንም ኮሮች ለአንድ ሰዓት ያህል እያሠሩ ሙቀቱን መከታተል ይመከራል። የአንዱ ፕሮሰሰር ሙቀት ከሌላው በጣም ከበለጠ ማቀዝቀዣው በደንብ አልተቀመጠም ማለት ሊሆን ይችላል። መርሳ ከወልድያ ይልቅ ዝቅ ያለችና ሞቃት በመሆኗ የክፍሉ አየር መዘዋወሩ እዚያ የበለጠ ያሳስባል።

የኤሌክትሪክ ኃይል

የኢ5-2670 የኃይል መጠን 115 ዋት ነው። ሁለቱ 230 ዋት ሲሆኑ፣ የግራፊክስ ካርድ፣ ዲስክና ማራገቢያ ሲታከልበት ማሽኑ ሙሉ ሥራ ላይ ከ300 ዋት በላይ ሊወስድ ይችላል። 300 ዋት በቀን ለ8 ሰዓት ቢሠራ በወር 72 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። 60 ዋት የሚወስድ ላፕቶፕ በተመሳሳይ ጊዜ 14 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ይፈጃል።

መብራት በድንገት ሲቋረጥ የሰዓታት ስሌት ሊጠፋና ዲስኩ ላይ ያለው መረጃ ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ ዩፒኤስ የግዢው አካል ተደርጎ ቢታሰብ ይሻላል። 12 ቮልትና 7 አምፔር ሰዓት የሆነ ባትሪ የሚይዘው 84 ዋት ሰዓት ሲሆን በ300 ዋት ጭነት በሒሳብ 17 ደቂቃ ቢሆንም በተግባር ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ጥቅሙም ሥራን አስቀምጦ ማሽኑን በሥርዓት ለመዝጋት እንጂ ሥራ ለመቀጠል አይደለም። አንዳንድ ርካሽ ዩፒኤሶች በባትሪ ሲሠሩ የሚያወጡት ሞገድ ለእነዚህ ፓወር ሰፕላዮች ስለማይስማማ፣ ማሽኑ በርቶ ሳለ ሶኬቱን ነቅሎ መሞከር ያስፈልጋል። ይህ ሙከራ ምንም ጠቃሚ ፋይል ሳይከፈት መደረግ አለበት። ረጅም ስሌት የሚሠራ ፕሮግራምም የደረሰበትን ውጤት በየጊዜው ዲስክ ላይ እንዲያስቀምጥ ሆኖ ቢጻፍ መብራት ሲመለስ ካቆመበት መቀጠል ይችላል።