ቅዳሴ የተነፈጋት ዘፋኝ

የፈረንሳይዋ ዘፋኝ ኤዲት ፒያፍ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1963 በ47 ዓመቷ ስታርፍ፣ የሮማ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የቀብር ቅዳሴ አይደረግላትም አለች። ምክንያቱ ባሏን ፈትታ ሌላ ማግባቷና አኗኗሯ ነበር። መጠጡም ሞርፊኑም ነበረባት፤ ይህን ማንም አልካደም። ሰዉ ግን መች ሰማ! በአሥር ሺሆች የሚቆጠር የፓሪስ ሕዝብ መንገዱን ሞልቶ እስከ ፔር ላሼዝ መካነ መቃብር ሸኛት። እዚያም በ1935 ገና በ2 ዓመቷ የሞተችባት ልጇ ባለችበት መቃብር ዐረፈች። በእኛ ዕድር እንኳ ሟች ጠጪ ነበር ተብሎ ድንኳን አይከለከልም፤ ኧረ ማንስ ይተርፍ ነበር! ቅዳሴው በኋላ አልቀረም፤ በተወለደችበት በቤልቪል ሰፈር ባለው ቤተ ክርስቲያን በ2013፣ ልክ በ50ኛው ሙት ዓመቷ ተቀደሰላት።