ፕሪቮቴላ ኮፕሪ ላይ የቀረበው ክስ፦ የ2013ቱ ጥናት ዳግም ሲመረመር

በሰውነታችን የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ከመገጣጠሚያ በሽታዎች ጋር ግንኙነት እንዳላቸው ዛሬ የሚጠራጠር ባለሙያ ጥቂት ነው። ከሳልሞኔላ ወይም ከሺጌላ ተቅማጥ በኋላ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ሊያብጥ ይችላል። በስትሬፕቶኮከስ የሚመጣ የጉሮሮ ሕመም የሩማቲክ ትኩሳትን አስከትሎ ልብን እንደሚጎዳ የአገራችን ሐኪሞች ጠንቅቀው ያውቃሉ። በእነዚህ ላይ ክርክር የለኝም። የምከራከረው ፕሪቮቴላ ኮፕሪ የተባለው የአንጀት ባክቴሪያ የሩማቶይድ አርትራይተስ ቀስቃሽ ነው በሚለው፣ ከ2013 ወዲህ በጸናው ክስ ላይ ነው።

ክሱ የተነሣው ሆዜ ሼርና ባልደረቦቹ ኒውዮርክ ውስጥ አካሂደው «ኢላይፍ» በተባለው መጽሔት ካሳተሙት ጥናት ነው። የ114 ሰዎች ሰገራ ተመረመረ። ሕክምና ካልጀመሩት 44 አዲስ ሕሙማን በ75 በመቶዎቹ ባክቴሪያው ሲገኝ፣ ከ28ቱ ጤነኞች የተገኘው በ21 በመቶዎቹ ብቻ ነው። አንባቢ ይህን ይዞ ይሄዳል፤ ቀጣዩን ቁጥር ግን ብዙዎች ዘለውታል። በሽታው ከቆየባቸውና በሕክምና ላይ ከነበሩት 26 ሕሙማን መካከል ባክቴሪያው የተገኘው በ3ቱ ብቻ ነው፤ ከጤነኞቹ እንኳ ያነሰ መሆኑ ነው። በሽታው ሳይለቃቸው ባክቴሪያው ከለቀቃቸው፣ መብዛቱ የበሽታው መነሻ ሳይሆን የጅማሬው ብግነት ውጤት ሊሆን ይችላል።

የጥናቱ ርእስም ከማስረጃው ይቀድማል። የባክቴሪያው መብዛት ለአርትራይተስ ከመጋለጥ ጋር ይያያዛል ይላል። በዚሁ ጥናት ባክቴሪያው በተሰጣቸው አይጦች የታየው ግን በኬሚካል የተቀሰቀሰ የአንጀት ብግነት መባባስ እንጂ የመገጣጠሚያ እብጠት አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ ችላ የተባለው ከአህጉራችን የተገኘው ማስረጃ ነው። በ2010 ካርሎታ ዴ ፊሊፖና ባልደረቦቿ በቡርኪና ፋሶ ገጠር የሚኖሩ ልጆችን ከፍሎረንስ ልጆች ጋር አነጻጸሩ። እህል፣ ጥራጥሬና አትክልት በሚመገቡት የቡርኪና ልጆች አንጀት የፕሪቮቴላ ወገን በብዛት ተገኘ፤ በጣሊያናውያኑ ግን አልታየም። በ2019 ደግሞ አድሪያን ቴትና ባልደረቦቹ ከኢትዮጵያ፣ ከጋናና ከታንዛኒያ የተወሰዱ ናሙናዎችን ጨምረው መረመሩ። የምዕራቡን አኗኗር ባልያዙ ማኅበረሰቦች ከመቶ ሰው ከ95 በላይ የሚሆነው ይህን ባክቴሪያ ይዞ ተገኘ፤ በምዕራባውያን ግን 30 ያህሉ ብቻ። አንድ የተባለው ዝርያም አራት የተለያዩ ወገኖች ያሉት ሆኖ ተገኘ። ሩማቶይድ አርትራይተስ በዓለም ላይ ከመቶ ሰው አንዱን እንኳ አያጠቃም። ባክቴሪያው በራሱ ጥፋተኛ ቢሆን የገጠር ሕዝባችን ገና ድሮ በቁርጥማት ባለቀ ነበር።

ሁለት ተቃውሞዎች ይነሣሉ። አንደኛው፣ በአንዳንድ ሕሙማን ደም ይህን ባክቴሪያ የሚቃወሙ ጸረ እንግዳ አካላት መገኘታቸው ነው፤ ይህ ሰውነት ከባክቴሪያው ጋር መጋጨቱን ያሳያል እንጂ በሽታውን ያመጣው እሱ ለመሆኑ አይመሰክርም። ሁለተኛው፣ በ2023 ጃፓናውያን ተመራማሪዎች ከሕሙማን የወሰዱት ፕሪቮቴላ ከጤነኞች ከተወሰደው ይልቅ የአይጦችን የመገጣጠሚያ ብግነት እንደሚያባብስ ማሳየታቸው ነው። ይህ ግን የእኔን ነጥብ ያጠናክራል፤ ጥፋቱ የአንዳንድ ንዑስ ዝርያዎች ከሆነ መላው ዝርያ ሊወነጀል አይገባም።

ባክቴሪያው ከቶ ሚና የለውም አልልም፤ ያለው ማስረጃ ለዚያ ድምዳሜም አይበቃም። ጤነኛ አንጀት ምን እንደሚመስል ግን በአንድ የአሜሪካ ከተማ ነዋሪዎች ሊለካ አይችልም። ስለዚህ የአገራችን የሕክምና ትምህርት ቤቶች ገና መድኃኒት ያልጀመሩ ሕሙማንን ከአመጋገባቸው ጋር መዝግበው፣ ከራሳቸው ጎረቤቶች ጋር እያነጻጸሩ ያጥኑ። እስከዚያው ሕሙማን የታዘዘላቸውን መድኃኒት ሳያቋርጡ ይውሰዱ፤ ይህን ባክቴሪያ አጠፋለሁ ብሎ ጸረ ባክቴሪያ መዋጥም ሆነ ጥራጥሬን ከገበታ ማራቅ ዛሬ ባለው ማስረጃ አይደገፍም።