ወፍ ያልነገረው ወንጀል

በይፋት ቆላ መንገደኛ ከመንገደኛ ሲገናኝ ዝም ብሎ አይተላለፍም። አፋሩ ዳጉ ይለዋወጣል፤ ከየት እንደ መጣ፣ ማንን እንዳየ፣ ከብቱ በየት በኩል እንዳለፈ ይጠይቃል፤ ይጠየቃልም። እሑድ በሰንበቴ ገበያ አርጎባው፣ አማራው፣ ኦሮሞውና አፋሩ ሲገናኙ ከሸቀጡ ጋር ወሬም ይገበያያሉ። እንዲህ ባለ አገር ሌባ ከዓይን ቢያመልጥ እንኳ ከወሬ ማምለጥ ይቸግረዋል።

በሸዋ ደጋ ደግሞ አፈርሳታ፣ በሌላ ስሙም አውጫጭኝ፣ ነበረ። ቤት ሲቃጠል፣ ከብት ሲሰረቅ ወይም ሰው ተገድሎ ገዳዩ ሲሰወር የአካባቢው ሰው ተጠርቶ ይሰበሰባል። ምስጢሩን የሚያውቅ ሰው ስሙ ሳይገለጥ ለሽማግሎች ይናገራል፤ እርሱም «ወፍ» ይባላል። የሥርዓቱ ሁሉ መሠረት አንድ ነው፤ ይኸውም የሰው መተዋወቅ ነው።

ከተማ ይህን መሠረት አናጋ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች ወዲህ ከየጠቅላይ ግዛቱ ከመጣው ሕዝብ ጋር አርመኑን፣ ግሪኩንና ሕንዱን በአንድ ሰበሰበች። በዚችው ከተማ የሌባ ሻይ ብላቴና መድኃኒት ጠጥቶ ይሮጥ፣ የወደቀበትም ቤት ባለቤት በሌብነት ይያዝ ነበር። መተዋወቅ በጠፋበት ስፍራ ጥርጣሬ ዳኛ ሆነ ማለት ነው። የኮናን ዶይል ሸርሎክ ሆልምስም በለንደን ለአንባቢ የቀረበው በዚያው ሰሞን፣ እ.ኤ.አ. በ1887 ነበር። መርማሪው የወፍ ምትክ ነው፤ የማይተዋወቁ ሰዎች ጥለውት የሄዱትን ዱካ ያነባል።

በአማርኛም ይልማ ሀብተየስ የወንጀል ምርመራን፣ ማሞ ውድነህ የስለላን ታሪክ ለአንባቢ አቅርበዋል። ይሁን እንጂ በመጨረሻው ገጽ ሁሉ ነገር የሚፈታበት ታሪክ የከተማችንን ጨለማ ሁሉ ሊሸከም አልቻለም። በቀይ ሽብር ዘመን፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፣ ገዳዩ አልተሰወረም፤ በአደባባይ ይታይ ነበር። ወፉም ጆሮ ጠቢ ሆነ፤ ቃሉን መዝኖ የሚቀበል ሽማግሌ ስላልነበረም ጥቆማው ወጣቱን ማስገደያ ሆነ። ብዙዎች በጅምላ ተቀበሩ፤ የአርጀንቲና የአጽም መርማሪዎች መጥተው ሟቾቹን ለመለየት የረዱት ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2020 በማዛ መንግሥቴ አዘጋጅነት በእንግሊዝኛ የታተመው «አዲስ አበባ ኑዋር» ለእንዲህ ያለው ጨለማ ስፍራ ሰጥቷል። «ኑዋር» በፈረንሳይኛ ጥቁር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በብሩክሊን የተጀመረው ይህ ተከታታይ መድበል ለየከተማው መጽሐፍ እየመደበ የከተማውን ስውር ገመና በአጭር ልብ ወለድ ያስተርካል። ከአዲስ አበባው መድበል 14 ደራስያን መካከል አዳም ረታ፣ በዕውቀቱ ሥዩምና ሌሊሳ ግርማ ይገኛሉ። በዚህ ዓይነት ድርሰት ወንጀለኛው መታወቁ ብቻ ፍትሕ አይሆንም፤ አንዳንዴም ከቶ ሳይታወቅ ይቀራል።

እንግዲህ ይህ የድርሰት ዓይነት ስሙ ባዕድ ቢሆንም ጥያቄው የኛው ነው። ከሸዋ ሮቢት በአውቶቡስ ተሳፍሮ አዲስ አበባ የሚገባ ወጣት «ከየት መጣህ? ማንን አየህ?» ብሎ የሚጠይቀው የለም። ቢሞት ማን ይጠራለታል? ማንስ ይሰበሰብለታል? ደራሲው ወፍ ሆኖ የሚናገረው ስለዚህ ሰው ነው፤ በሽማግሎቹ ወንበር ተቀምጦ ቃሉን የሚመዝነው ደግሞ አንባቢው ነው።