የታንክ ሰንሰለት አንጓ
ብረት፤ ስፋቱ 58 ሳንቲ ሜትር

የማን ታንክ እንደነበረ ብረቱ አይናገርም፤ በ1969–70 ዓ.ም. ጦርነት ኢትዮጵያም ሶማሊያም ሶቪየት ሠራሽ ቲ-55 አሰልፈዋልና። ከመሃሉ ብቅ ያለውን ጥርስ ልብ ይበሉ፦ 36 ቶን የሚከብደው ታንክ ድንጋያማ ቁልቁለት ሲወርድ ሰንሰለቱ ከእግሮቹ እንዳይወልቅ የሚይዘው እሱ ነው።

ጅጅጋ በመስከረም 1970 በሶማሊያ ጦር ተያዘች። ወደ ከተማዋ የሚያስገባው የካራማራ ተራራ በር በጠንካራ ምሽግ ስለተዘጋ የኢትዮጵያ እግረኛና የኩባ ብረት ለበስ ጦር ተራራውን ዞሩት፤ ሄሊኮፕተሮችም ቀላል ተሽከርካሪዎችን ከጀርባ አወረዱ። የካቲት 26 ቀን 1970 ከተማዋ ተመለሰች።

ቀኑ በኢትዮጵያ ዛሬም በክብር ይታሰባል፤ ይገባዋልም። ጦሩ ያለፈበትን አገር ግን መርሳት አይገባም፦ የተዘረፈ መንደር፣ ከብቱን ጥሎ የሸሸ አርብቶ አደር። ጅቡቲ ውስጥ ሆዳን ላይ ይህን አንጓ ያስቀመጥነው የዚያ ጦርነት ዳፋ እዚህም ስለደረሰ ነው። ድልድዮች ፈርሰው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር ለወራት ቆመ። ሰኔ 20 ቀን 1969 ነጻ የወጣችው ጅቡቲም ገና በጨቅላነቷ በዓሊ ሳቢህና በዲኪል ስደተኞችን አስጠለለች።